የተቃጠለው ቤት ወደ የትኛው ዓመት ይመለስ?

እሳቱ የተነሳው ምድር ቤት ካለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ውስጧ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን አለ፤ እኛ “ቦርዱ” የምንለው። ቀኑ ኤፕሪል 29፣ 2015፣ ረቡዕ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ። መርማሪዎች በኋላ እንደጻፉት፣ መነሻው ሳጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣው ጉድለት ሳይሆን አይቀርም። ለዓመታት ማንም ልብ ሳይለው ተቀምጦ አንድ ቀን ነደደ።

ከሳጥኑ ወደ ሊፍቱ መውጫ ተሻገረ። የሊፍት መውጫ ለእሳት የጭስ ማውጫ በሉት፤ ከምድር ቤት እስከ ጣራ ባዶ ቀዳዳ ነው። ደግነቱ ጎብኚውም ሠራተኛውም በጊዜ ወጥቶ ሰው አልተጎዳም። 16 የእሳት አደጋ መኪኖችና 80 ገደማ ሠራተኞች ሌሊቱን ሲታገሉ አደሩ። ሲነጋ ጣራ የለም። ፎቅ የለም። ኮርኒስ የለም። ቆሞ የቀረው የውጩ ግድግዳና የውስጡ የጡብ አጽም ነው።

ቤቱ ክላንደን ፓርክ ይባላል። ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ ጊልድፈርድ ከተማ አጠገብ ነው። ባለቤቱ ናሽናል ትረስት ነው፤ የእንግሊዝን አሮጌ ቤቶችና መሬቶች የሚጠብቀው ትልቁ የበጎ አድራጎት ድርጅት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ክርክር አልበረደም። ቤቱ “እንደነበረው” ይመለስ ወይስ ፍርስራሹ እንደቆመ ይቀመጥ? ጋዜጦች ተጨቃጭቀውበታል። ፖለቲካም ገብቶበታል። ቅርስ ወዳድ ከቅርስ ወዳድ ተኮራርፎበታል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን አንዲት ቃል ናት። “እንደነበረው” ሲሉ፣ መቼ እንደነበረው?

ጥያቄው ተንኮል አይደለም። የእንግሊዝ የባላባት ቤቶች አንድ ጊዜ ተሠርተው ያለቁ ነገሮች አይደሉም። ልጅ ከአባቱ ይወርሳል፤ የአባቱን ሳሎን አይወድም፤ ያፈርሳል። የልጅ ልጁ ደግሞ ሀብታም ያገባና አዲስ ክንፍ ያስቀጥላል። ከዚያ ገንዘብ ያልቅና ለ50 ዓመት ምንም አይነካም። ቤቱ እንደ ቤተሰቡ ነው፤ ያገኛል፣ ያጣል፣ ያምርበታል፣ ይጎሳቆላል። ክላንደንም ከዚህ የተለየ አልነበረም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኦንስሎው የሚባሉት ቤተሰቦች ቦታውን የገዙት በ1641 ነው። ያኔ እዚያ የነበረው ሌላ ቤት ነው። በ1730ዎቹ መጀመሪያ ግን የቤተሰቡ አለቃ ቶማስ ኦንስሎው አሮጌውን በአዲስ ለመተካት ተነሳ። አቅም አግኝቷል። ያገባት ኤልዛቤት ናይት የጃማይካ ሀብት ወራሽ ነበረች። በዚያ ዘመን የጃማይካ ሀብት ማለት ስኳር ነው፤ ስኳር ማለት ደግሞ የባሪያ ጉልበት ነው። እንግዲህ ዛሬ “እንዳይነካ” የምንለው ቅርስ ራሱ አንድ የቆየ ቤት አስወግዶ፣ በሌላ ሰው ላብ የቆመ ነው። ይህን ረስቶ ስለ ቤቱ ማውራት አይቻልም።

ሥራው የተሰጠው ለጃኮሞ ሊዮኒ ነው። ሊዮኒ ከቬኒስ የመጣ አርክቴክት ነው። ስሙ የሚነሳው ከሠራቸው ቤቶች ይልቅ ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ የፓላዲዮን የሥነ ሕንፃ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አቅርቧል። ፓላዲዮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ውስጥ የኖረ ሰው ነው። የጥንት ሮማውያንን ቤተ መቅደስ አጥንቶ ለመኖሪያ ቤት አዋለው። ግራና ቀኙ የተመዛዘነ፣ አምዶች ያሉት፣ ልኩ የተሰላ። የእንግሊዝ መኳንንት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ነገር አበዱ ማለት ይቀላል። ጣልያንን ያልጎበኘ ባላባት እንደ ያልተማረ ይታይ ነበር፤ ጎብኝቶ የመጣው ደግሞ ጣልያንን ግቢው ውስጥ መትከል አማረው።

የክላንደን ነገር ግን ትንሽ ይገርማል። ከውጭ ሲያዩት ጣልያን አይመስልም። ቀይ ጡብ ነው፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ሣጥን። አራቱም ፊቱ የተለያየ ነው፤ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም። ኮስታራ ነው ቢባል ያስኬዳል። በሩን ከፍተው ሲገቡ ነው ጉዱ።

መጀመሪያ የሚገቡበት ክፍል የእብነ በረድ አዳራሽ ይባላል። ርዝመቱም ስፋቱም ከፍታውም 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ፎቅ የሚውጥ ኩብ። በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ የእብነ በረድ ምድጃዎች አሉ። የጠረባቸው ማይክል ሪስብራክ ነው፤ ከአንትወርፕ መጥቶ ለንደን ላይ ስም ያወጣ ቀራጺ። ቀና ሲሉ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። የኖራ ሰዎች። አንዳንዶቹ ከጠርዙ አልፈው እግራቸውን ወደ ታች አንጠልጥለዋል፤ አሁን ዘለው የሚወርዱ ነው የሚመስለው። ሥራው የጁሴፔ አርታሪና የጆቫኒ ባጉቲ እጅ እንደሆነ ይታመናል። ሁለቱም ከስዊዘርላንድ ጣልያንኛ ተናጋሪ አካባቢ የመጡ የልስን ጠበብት ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ልስን ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ ኮርኒስ የሚሠራው ልክ እንደ ጭቃ ቤታችን ነው። እኛ ግድግዳው ላይ ማገር እንመታለን፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር አብኩተን እንመርጋለን። ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ያያይዘዋል። እነሱ ማገሩን የሚመቱት ጣራው ሥር ነው። ቀጫጭን የእንጨት ጠፍጣፎች ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ክፍተት እየተተወ። በጭቃ ፈንታ ኖራና አሸዋ፣ በጭድ ፈንታ የእንስሳ ፀጉር። ልስኑ ሲለጠፍ ከፊሉ በክፍተቱ አልፎ ከኋላ ይታጠፋል፤ ሲደርቅ እንደ ጥፍር ቆንጥጦ ይይዛል። ከዚያ ላይ ነው ምስሉ የሚሠራው። ያውም ኖራው ሳይደርቅ፣ አንጋጠው፣ በእጅና በትንንሽ መሣሪያ። ኖራ ደግሞ አይጠብቅም። ከደረቀ ደረቀ።

ድክመቱም እዚያው ነው። ማገሩ እንጨት ነው። በኮርኒሱና ከላዩ ባለው ወለል መካከል ባዶ ቦታ አለ። እሳት እዚያ ከገባ ከታች ያለ ሰው ሳያየው ክፍል ከክፍል ያቋርጣል። ማገሩ ሲነድ ልስኑ የሚይዘው ያጣል፤ በሙሉ ይዘረገፋል። በ2015 የሆነው ይኸው ነው። እግራቸውን ያንጠለጠሉት ሰዎች በመጨረሻ ወረዱ።

የሪስብራክ ምድጃዎች ተረፉ። ድንጋይ ናቸው፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀዋል። ግድግዳው ቆሞ እነሱም ቆሙ።

ከሊዮኒ በኋላ ቤቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ኬፓቢሊቲ ብራውን የተባለው ስመ ጥሩ የግቢ ነዳፊ መጣ። በገመድ የተለካውን የአትክልት ስፍራ አጥፍቶ ተፈጥሮ የሠራው የሚመስል ሣርና ዛፍ አደረገው። ያኔም “ምነው የአባቶቻችንን አትክልት” ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ ደግሞ የብራውንን ሣር የሚነካ ወዮለት።

19ኛው ክፍለ ዘመን የመከራ ዘመን ነው። ሦስተኛው ኧርል (ኧርል የቤተሰቡ አለቃ የያዘው የመኳንንት ማዕረግ ነው) ቤቱን ጠላው። ለ40 ዓመት ያህል ባለቤት ሳይኖርበት ተዘግቶ ኖረ። ከእሱ በኋላ በ1870 የወረሰው አራተኛው ኧርል ገና 17 ዓመቱ ነበር። ቤቱን ከፈተ፣ ጠገነ፣ በ1876 ከምዕራቡ ፊት ለፊትም ሠረገላ የሚገባበት ባለ ጣራ መግቢያ አስቀጠለ። እንግዳው ዝናብ ሳይነካው እንዲወርድ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የእንግሊዝን ዝናብ የሚያውቅ ይፈርድለታል። መልኩ ግን የሊዮኒን ፊት ለፊት ሸፍኖታል። ሊዮኒ ቢያየው ደስ የሚለው አይመስለኝም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ሆነ። በሁለተኛው ደግሞ ከለንደን የሸሹ የመንግሥት መዛግብት ተከማቹበት። በ1956 ከቤተሰቡ የተወለዱት የአይቪ ካውንቴስ (የኧርል ሚስት) ግዌንደለን ቤቱን ገዝተው ለናሽናል ትረስት ሰጡ። በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ ነበር። የውርስ ግብሩ ከብዷል፤ አሽከርና ገረድ እንደ ድሮው አይገኝም፤ ጣራው ያፈሳል። ብዙ ባላባት ወይ ቤቱን ያፈርሳል ወይ ለትረስቱ ያስረክባል።

አሁን ነው ዋናው ነገር። ትረስቱ ሲረከበው ብዙ ዕቃ አልነበረበትም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሃና ጋቤይ የተባሉ ሰብሳቢ በኑዛዜ የተዉት የሸክላና የቤት ዕቃ ስብስብ ገባበት። የቻይና ሸክላ ወፎቹ ታዋቂ ነበሩ። ከኦንስሎው ቤተሰብ ጋር ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። በዚያው ሰሞን ጆን ፋውለር የተባለ የቤት ውስጥ አስጌጭ ተቀጠረ፤ ክፍሎቹን እንደገና ቀባ፣ መጋረጃ መረጠ፣ ዕቃውን አደላደለ። ስለዚህ በዚያ ረቡዕ ጠዋት የገባ ጎብኚ “የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤት አየሁ” ብሎ የወጣው፣ ብዙውን ያየው ፋውለር በ1960ዎቹ “18ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ነበር” ብሎ ያሰበውን ነው።

እንግዲህ እንደነበረው ይመለስ ሲባል ወደ ማን ይመለስ? ወደ ሊዮኒ? መግቢያውን አፍርሱ። ወደ 1876? ዕቃው ያኔ አልነበረም። ወደ ፋውለር? የ1968 ቀለም ለመመለስ ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ያስቅ ይሆናል። ደግሞም፣ የሚል ሰው አለ፣ ሦስቱም ናቸው ክላንደንን ክላንደን ያደረጉት።

እሳቱ ስላጠፋው ዕቃ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። ምድር ቤቱ ውስጥ የሰሪ እግረኛ ክፍለ ጦሮች ሙዚየም ነበር። ከዕቃዎቹ መካከል አንዲት የቆዳ ኳስ አለች። ጁላይ 1 ቀን 1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሶም ውጊያ ሲጀመር፣ ካፒቴን ዊልፍሬድ ኔቪል ለወታደሮቹ ኳስ ሰጥቶ ወደ ጀርመን ምሽግ እየለጉ እንዲሮጡ አደረገ። እሱ እዚያው ወደቀ። ኳሷ ተረፈች። መትረየሱን አልፋ፣ ወደ 100 ዓመት ገደማ ኖራ፣ በኤሌክትሪክ ሳጥን ምክንያት ተቃጠለች።

ከቤቱ 400 ያህል ዕቃ ወጣ። ክፍሎቹ ሁሉ ሲወድሙ አንዷ ብቻ እንዳለች ተረፈች ማለት ይቻላል፤ የአፈ ጉባኤው ክፍል የምትባለዋ። ስሟ የመጣው ቤተሰቡ ለእንግሊዝ ምክር ቤት ሦስት አፈ ጉባኤዎች ስለሰጠ ነው። የመጨረሻው አርተር ኦንስሎው ከ1728 እስከ 1761፣ 33 ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ክፍሉም እንደ ሰውየው ነው፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ወደ ውሳኔው እንምጣ። በ2016 መጀመሪያ ትረስቱ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የታችኛው ፎቅ ታላላቅ ክፍሎች፣ የእብነ በረድ አዳራሹን ጨምሮ፣ ይመለሳሉ። የላይኞቹ ክፍሎች ያን ያህል ታሪክ ስለሌላቸው ዘመናዊ ኤግዚቢሽን ማሳያ ይሆናሉ። ኢንሹራንሱ ከፍሏል፤ ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ። ዓለም አቀፍ ውድድር ወጣ። በ2017 አላይስ ኤንድ ሞሪሰን የተባለው የለንደን የአርክቴክቶች ቢሮ አሸነፈ። ሰው ሁሉ “በቃ፣ ሊሠራ ነው” አለ።

በ2022 ግን ሐሳቡ ተለወጠ። አዲሱ ዕቅድ ውስጡን በአብዛኛው እንደተቃጠለ ይተወዋል። ከላይ አዲስ ጣራ ይሠራለታል፤ መስኮቶቹ ይመለሳሉ፤ ውስጡ ላይ ሰው የሚሄድበት መተላለፊያ ይዘረጋል፤ ጣራው ላይ ወጥቶ ግቢውን ማየት ይቻላል። ጎብኚው የሚያየው ኮርኒስ ሳይሆን ኮርኒሱ የተሰቀለበትን ቦታ ነው። ጡቡን፣ የከሰለውን እንጨት፣ ከልስኑ ሥር ተደብቆ የኖረውን የግንበኛ ሥራ።

ያን ጊዜ ነው ጭቅጭቁ የከረረው። ሪስቶር ትረስት የሚባል፣ የትረስቱን አካሄድ በብዙ ጉዳይ የሚቃወም ቡድን፣ ክላንደንን ዋና ሰንደቁ አደረገው። የክርክሩን ግማሽ የሚያሰለቸው ይህ ነው። ሰዎቹ ስለ ልስን የሚከራከሩ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብለው ሲሰሙ ግን የሚከራከሩት እንግሊዝ ስለ ራሷ ምን ታስብ በሚለው ላይ ነው።

ያም ሆኖ የሁለቱም ወገን ሙግት ክብደት አለው።

ፍርስራሹ ይቀመጥ የሚሉት ከኋላቸው ረጅም ታሪክ አላቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ አርክቴክቶች የመካከለኛውን ዘመን አብያተ ክርስቲያናት “እናድሳለን” እያሉ እንዳልነበረ አደረጓቸው። ልስኑን ፋቁት። ያላማራቸውን መስኮት አውጥተው “በዚያ ዘመን እንዲህ መሆን ነበረበት” ያሉትን ተከሉ። ዊልያም ሞሪስ በ1877 የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን የመሠረተው በዚህ ተናድዶ ነው። መርሑ ቀላል ነው፤ ጠግን፣ ደግፍ፣ ጣራውን ድፈን፣ ግን አታስመስል። የጠፋ ጠፍቷል። ዛሬ የሚሠራ ኮርኒስ የዛሬ ኮርኒስ ነው፤ የ1730ዎቹን ልብስ ቢለብስም።

ይመለስ የሚሉት ደግሞ ጣታቸውን ወደ አንድ ቤት ይቀስራሉ። አፕፓርክ። ሩቅ አይደለም፤ ዌስት ሰሴክስ ነው። ባለቤቱ ራሱ ናሽናል ትረስት ነው። በኦገስት 30፣ 1989 ጣራ ላይ የእርሳስ ቆርቆሮ የሚበይዱ ሠራተኞች እሳት አስነሱ። ሥራው ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ እንዲህም ያለ ዕድል አለ። ትረስቱ ያን ጊዜ ያለው ግልጽ ነው፤ ቤቱ ከእሳቱ አንድ ቀን በፊት ወደነበረበት ይመለስ። “መቼ?” ለሚለው ጥያቄ ያገኙት መልስ ይኸው ነው፤ ኦገስት 29። አዲስ ይምሰልም አላሉም። የደበዘዘው ግድግዳ እንደደበዘዘ፣ ያረጀው ቀለም እንዳረጀ። በ1995 ለጎብኚ ተከፈተ።

አፕፓርክ የሚወደድበት ሌላም ምክንያት አለ። ፍርስራሹ እንደ ቁፋሮ ጥናት በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ ተለቀመ። ከ3,000 በላይ የቆሻሻ በርሜል ሞላ። አመዱ ተነፋ። የበር እጀታ፣ የመቅረዝ ስባሪ፣ የልስን ቅጠል ተገኘ። ከዚያ ያንን የሚገጥም ኮርኒስ የሚሠራ ሰው ተፈለገ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኖራን በእጅ፣ ያለ ቅርጽ ማውጫ፣ አንጋጦ የሚሠራ ሰው እንግሊዝ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሠራተኞቹ ጥበቡን እየሞከሩ፣ እያበላሹ፣ ከተረፈው ስባሪ እየተማሩ መለሱት። ስለዚህ አፕፓርክ ያተረፈው አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሙያውንም ነው።

ይሁንና ሁለቱን ቤቶች ዝም ብሎ ማወዳደር ልክ አይመጣም። አንድ ልዩነት ብዙ ሰው አያነሳውም። አፕፓርክ የተቃጠለው ከላይ ወደ ታች ነው። እሳቱ ጣራው ላይ ተነስቶ እስኪወርድ ድረስ ሰዎች ከታችኛው ፎቅ ዕቃውን አወጡ። ምንጣፍ ተጠቀለለ፤ ሥዕል ወረደ፤ ወንበር በመስኮት ወጣ። ክላንደን የነደደው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከእግር ሥር። ለማውጣት የተሰጠው ጊዜ አጭር፣ የወደመው ብዙ። አፕፓርክን ማደስ ማለት ቤቱን ለተረፈው ዕቃ መመለስ ነበር። ክላንደን ላይ ቤቱ ቢመለስ ብዙው ክፍል ባዶውን ነው የሚቆመው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ዎሪክሽር ውስጥ አስትሊ ካስል የሚባል በውኃ የተከበበ ጥንታዊ ቤት በ1978 ተቃጠለ። ሆቴል ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ፈርሶ ቀረ። ከዚያ ላንድማርክ ትረስት የተባለው ድርጅት በፍርስራሹ ሆድ ውስጥ አዲስ ቤት አሠራ። አሮጌው ድንጋይ በተቦደሰበት ቦታ አዲስ ጡብ ገብቶ ያገናኘዋል፤ የቱ አሮጌ የቱ አዲስ እንደሆነ ሕፃንም ይለየዋል። በ2013 በብሪታንያ ለዓመቱ ምርጥ ሕንፃ የሚሰጠውን የስተርሊንግ ሽልማት ወሰደ። ዛሬ ሰው ተከራይቶ ያድርበታል። አስትሊ ግን አነስ ያለ ነው፤ እንደ ክላንደን አዳራሽም ዓለም የሚያውቀው ኮርኒስ አልነበረውም።

የፓሪሱ ኖትር ዳም? እሱማ ሌላ ዓለም ነው። በ2019 ተቃጥሎ በ2024 መጨረሻ ተከፈተ፤ ሾጣጣ ማማው ሳይቀር በእንጨት እንደነበረው ተመለሰ። ያ ማማ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭማሪ ነው። ያው ጥያቄ እዚያም ተነስቶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሰው የሚያውቀው ማማ ተመረጠ።

እኔ የማስበውን ልናገር። ፍርስራሹ “እውነተኛ” ነው የሚለው አነጋገር ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ፍርስራሽ ዝም ብሎ አይቆምም። የውስጥ ግድግዳ ጡብ ለዝናብና ለውርጭ የተሠራ አይደለም፤ ስለዚህ ጣራ ያስፈልገዋል። ሰው እንዲገባ ብረት ይገባል፤ ዊልቸር እንዲወጣ ሊፍት ይገባል፤ መብራት፣ የአደጋ መውጫ፣ መጸዳጃ። ሁሉም ሲደመር የ21ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክት የነደፈው ቤት ነው። የተቃጠለ ጡብ ማየት መውደድም የዘመኑ ፋሽን ነው፤ ዛሬ ቡና ቤቱ ሁሉ ልስኑን ፍቆ ጡቡን የሚያሳየው ለምን ይመስላችኋል? ኦንስሎዎች ጡባቸውን ያየ እንግዳ ቢመጣ ባፈሩ ነበር። ትረስቱ ማስመሰልን ሸሽቶ ወደ ሌላ ማስጌጥ ነው የገባው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ግን ስሙን በስሙ እንጥራው።

ይመለስ የሚሉትም ቢሆኑ ቤቱን በሙሉ ሲጠይቁ አልስማማም። የላይኞቹን መኝታ ክፍሎች አስመስሎ ሠርቶ፣ የሌለ ዕቃ ገዝቶ መሙላት ለማን ይጠቅማል?

የእብነ በረድ አዳራሹን ግን እመልሰው ነበር። እሱን ብቻ። ምክንያቴ ናፍቆት አይደለም። በቂ ፎቶግራፍ አለ፤ ስባሪው ተለቅሟል፤ ሁለቱ ምድጃዎች ቦታቸው ላይ ቆመዋል፤ ገንዘቡም ለዚሁ ተከፍሏል። ከሁሉ በላይ ኖራ የሚሠራው እጅ አለ። ያ እጅ ሥራ ካላገኘ ይጠፋል። በየ30 ዓመቱ አንድ ትልቅ ኮርኒስ የሚሠራ አገር ኮርኒስ የሚሠራ ሰው ይኖረዋል፤ የማይሠራ አይኖረውም። አዳራሹ ተመልሶ በዙሪያው ያሉት ክፍሎች እንደተቃጠሉ ቢተዉ፣ ጎብኚው አንዱን በር ከፍቶ ልብሱን፣ ሌላውን ከፍቶ ገላውን ያያል። የ2016ቱ ዕቅድ ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። ለምን እንደተጣለ የተሰጠው ማብራሪያ አላሳመነኝም።

ስለ ክላንደን ሲወራ የሚረሳ አንድ ሌላ ቤት አለ። ትልቁ ቤት ሲነድ እሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አልተነካም። ሂኔሚሂ ይባላል። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች የመሰብሰቢያ ቤት ነው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ በቅድመ አያቶች ምስል የተቀረጸ። በ1881 ቴ ዋይሮዋ በምትባል መንደር ተሠራ። በ1886 ታራዌራ ተራራ ፈንድቶ መንደሯን በአመድ ሲቀብራት፣ ውስጡ የተጠለሉ ሰዎች ተረፉ። ያ በ17 ዓመቱ የወረሰው አራተኛው ኧርል በኋላ የኒውዚላንድ አስተዳዳሪ ሆኖ ሄዷል። በ1892 ወደ አገሩ ሲመለስ ቤቱን በ50 ፓውንድ ገዝቶ አፈታቶ በመርከብ አመጣው። ለአትክልቱ ጌጥ።

እንግሊዝ ላይ ቤቱ በየጊዜው ተለዋወጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክላንደን ሲያገግሙ የነበሩ የኒውዚላንድ ወታደሮች ግቢው ውስጥ ወደተሻለ ቦታ አዛወሩት። በኋላ ትረስቱ ሲያድሰው የሣር ክዳን አለበሰው። ከፍንዳታው በኋላ የተነሳ አሮጌ ፎቶ ላይ ጣራው ወፍራም ነገር ለብሶ ይታያል፤ አዳሾቹ ሣር መሰላቸው። የእሳተ ገሞራው አመድ ነበር።

በ2019 ትረስቱ ቅርጻ ቅርጾቹ ወደ ኒውዚላንድ እንዲመለሱ ተስማማ። በምትካቸው የማኦሪ ጠራቢዎች አዲስ ቀርጸው ለክላንደን ይሰጣሉ።